ለወንበሩ ስንት፣ ለእጁ ስንት?

ፀጉር አስተካካዩ ማጅራትዎ ላይ የቀረውን ብናኝ በብሩሽ ያራግፋል። ጨርቁን ገፎ ያርገፈግፈዋል፤ ትንሿን መስታወት ከኋላዎ ይይዝና «እንዴት ነው?» ይላል። በቅጡ ሳያዩት «አሪፍ ነው» ይላሉ። ቀጥሎ ያቺ የምታስጨንቅ ደቂቃ ትመጣለች። እጅዎን ኪስዎ ከተው «ሂሳብ ስንት ነው?» ይላሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይደለም። «ኧረ ችግር የለም፤ የፈለጉትን።»

የፈለጉትን የሚባል ዋጋ ግን የለም። ልጁ በልቡ የያዘው ቁጥር አለ፤ እርስዎም የያዙት አለ። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ወገን ቅር እያለው ይለያል፤ ለዚያውም ትንፍሽ ሳይል።

ስለዚህ ስለ ቁጥሩ በግልጽ እናውራ። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ለፀጉሩ ስንት ይከፈላል? ከዚያ በላይስ ለሠራው እጅ ስንት ይሰጣል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን የቸርነት ጉዳይ ያደርገውና ግራ ይጋባል። እንደ እኔ እንደ እኔ የጉርሻ ልክ የሚታወቀው፣ የከፈሉት ሂሳብ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ሲታወቅ ነው። ከዚያው እጀምራለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት ሦስት ልጆች በሦስት ወንበር ሲሠሩ ቢያዩ፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ውል የሚሠሩ አይምሰልዎት። አንዱ የቤቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል። የከፈሉት ሁሉ የእሱ ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ውኃውና ግብሩም የእሱ ነው። ሁለተኛው በፐርሰንት የሚሠራ ነው። ከሠራው እያንዳንዱ ራስ ላይ ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል፤ እኩል የሚካፈል አለ፣ ከእኩል በላይ ወይም በታች የሚደርሰው አለ፣ እንደ እጁና እንደ ደንበኛው ብዛት ነው። ቶንዶሱን ራሱ ገዝቶ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ሲበላሽበትም የሚያሠራው ከኪሱ ነው። ሦስተኛው ደሞዝተኛ ነው። ፀጉር የምታጥበው ልጅ፣ ወለሉን የምትጠርገው፣ ሙያውን ገና እየለመደ ያለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ወንበር ተከራይቶ የሚሠራም አለ።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ብዬ የመረጥኩት ነው፤ የሰፈርዎን ዋጋ ይተኩበት። ሂሳቡ 200 ብር ነው፣ ልጁም ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል እንበል። 100 ለቤቱ፣ 100 ለእሱ። እርስዎ 40 ብር ጉርሻ ቢጨምሩለት ይህቺን ከማንም ጋር አይካፈላትም። ለእርስዎ የሂሳቡ 20 በመቶ የሆነችው ገንዘብ፣ እሱ ከእርስዎ ራስ ያገኘውን በ40 በመቶ አሳደገችለት። የጉርሻ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው።

የቆረጠዎት ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ 200ውም የእሱ ነው። ለባለቤት ጉርሻ መስጠት ነውር የለውም፤ ባይሰጡም ግን ማንንም አልበደሉም። ዋጋው ካልበቃው ዋጋውን መጨመር የሚችለው እሱ ነው። በፐርሰንት የሚሠራው ልጅ ይህ ሥልጣን የለውም።

ደሞዝተኛዋ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። እርስዎ 200 ከፈሉ 500፣ ለእሷ በቀጥታ የሚደርሳት ነገር የለም። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል በቁጥር የተቀመጠ አገር አቀፍ የደሞዝ ወለል ሳይኖር ኖሯል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝን የሚወስን የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ወጥቶ ዓመታት ሲቆጠሩ ቁጥሩ አልመጣም። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት የአጣቢዋ ደሞዝ ታክሲ ከፍሎ ብዙም የማይተርፈው ሲሆን፣ የቀረውን ኑሮዋን የሚሸፍነው ደንበኛ በእጇ የሚያስቀምጥላት ገንዘብ ነው።

ይህን የምለው ብዙ ወንዶች ተገላቢጦሹን ሲያደርጉ ስለማይ ነው። ተቆርጠው ሲያበቁ ወደ ኋላ ክፍል ይገባሉ፤ ልጅቷ በሙቅ ውኃ ታጥባቸዋለች፣ ጭንቅላታቸውን ታሻለች፣ ትከሻቸውን ትጫናለች፣ አንዳንዱማ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲወጡ ግን ለቆራጩ 50 ብር ይሰጡና እሷን በ«እግዜር ይስጥልኝ» ይሸኛሉ። ጉርሻ የሚሰጡት ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ለእሷ ይስጡ፤ ቆራጩ ከሂሳቡ ድርሻ አለው።

ለነገሩ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው የማዕድ አባባል ፀጉር ቤትን አስቦ የተነገረ ይመስላል። ሁለት እጅ ራስዎን ከነካ ሁለት ጉርሻ ነው። በሴቶች የውበት ሳሎን ደግሞ እጁ ከሁለትም ይበልጣል። አንዷ ታጥባለች፤ ሌላዋ በቢጎዲን ትጠቀልላለች፤ ካስክ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ የሚያወጣዎት ሌላ ሰው ነው፤ ፎን የሚያደርገው ባለሙያ ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥቶ፣ አምስት ደቂቃ ነካክቶ፣ ምስጋናውን ሁሉ ይወስዳል። አንዲት የማውቃት ሴት መፍትሔዋ ቀላል ነው። ስትገባ ዝርዝር ብሯን በትንሽ ቦርሳ ለይታ ይዛ ነው፤ እያንዳንዷ ልጅ ሥራዋን እንደጨረሰች እዚያው ትሰጣታለች። ለካሸሯ ሰጥቶ «ለሁሉም አካፍይልኝ» ማለት እንደማያስተማምን የተማረችው ከልጆቹ ፊት ነው።

ሹሩባ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። እንደ ስፌቱ ቅጥነትና እንደ ፀጉሩ ብዛት ከአንድ ሰዓት እስከ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ሰዓት ጎንበስ ብላ ወይም ቆማ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከወንድ ፀጉር ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ሰዓቱን ማየት ይሻላል። ሰው ሠራሽ ፀጉር ወይም ሂውማን ሄር የሚቀጠል ከሆነ ከመቀመጥዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ዋጋው ፀጉሩን ይጨምራል ወይስ የእጅ ብቻ ነው? ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ጉርሻውንም የሚያሰሉት በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ፀጉሩን ከሳሎኑ በብዙ ሺህ ብር ቢገዙ ያ የሸቀጥ ዋጋ ነው፤ ሠሪዋ አላተረፈችበትም።

እስካሁን ዋጋውን እንደተሰጠ ነገር ይዤው ነው የመጣሁት። ግን ትክክለኛው ዋጋ ራሱ ስንት ነው? በአንድ ከተማ ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራች የሰፈር ፀጉር ቤትና ቦሌ ባለ ሆቴል ውስጥ ባለ ሳሎን መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው፤ ፀጉሩ ግን ያው ፀጉር ነው። ልዩነቱ የኪራዩ፣ የመስታወቱ፣ የፎጣው፣ የቡናውና የሰፈሩ ስም ነው። ከፍ ባለው ቤት በዝርዝሩ ላይ ካለው ዋጋ በላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሆቴል ከሆነ ደግሞ ሰርቪስ ቻርጅ ሊጨመር ስለሚችል አስቀድሞ ማየት ነው። ጉርሻ የሚሰላው ከእነዚህ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ በታክስ ላይ ጉርሻ አይሰጥም።

የእኔ መለኪያ ተራ ናት። ልጁ ፀጉሬን ሠርቶ ለራሱ የሚደርሰው ገንዘብ በዚያው ሰፈር አንድ ምሳ ይገዛለታል ወይ? ካልገዛለት ዋጋው ረክሷል፤ ጉርሻዬ ከፍ ይላል። ምሳ ከነቡናው የሚገዛለት ከሆነ በቂ ተከፍሏል፤ ጉርሻው የምስጋና ያህል ይሆናል።

«ለፀጉር ይህን ያህል!» እያልን የምናማርር ሰዎች ብዙ ነን። ሁለት ነገር ግን መረሳት የለበትም። የመጀመሪያው ቶንዶሱ፣ ምላጩ፣ ሻምፖው፣ ቅባቱና ቀለሙ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ መሆናቸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዕቃው በዶላሩ ሳቢያ ሲወደድ የፀጉር ቤቱ ሂሳብ ባለበት ሊቆም አይችልም።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቲያትርና ሙዚቃ ቤቶች ወጪ ሲጽፉ ያነሡት ሐሳብ ለፀጉር ቤት ልክ እንደ ጓንት ነው። ፋብሪካ ማሽን ቀይሮ በአንድ ሰዓት አሥር ጫማ ይሠራ የነበረውን መቶ ማድረግ ይችላል። ፀጉር ቆራጭ ግን ከ50 ዓመት በፊትም ዛሬም በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ራስ ነው። ሌላው ሥራ ሁሉ ሲፈጥንና ደሞዙ ሲያድግ፣ ልጁ መቀሱን ጥሎ ወደዚያ እንዳይሄድ የፀጉር ዋጋ አብሮ መጨመር አለበት። ፀጉር ቆረጣ ደግሞ በኮንቴይነር ተጭኖ ከርካሽ አገር አይመጣም። ዋሽንግተን ዲሲ 35 ዶላር የሚያስከፍለው ሥራ አዲስ አበባ ላይ በጥቂት ዶላር የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ የእጁ ጥራት ስላነሰ አይደለም። እንዲያውም በምላጭ ጠርዝ በማውጣት የእኛዎቹን የሚበልጥ ብዙም አላየሁም።

ከውጭ ለእረፍት የመጡ ዘመዶቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡን በሆዳቸው ወደ ዶላር ይቀይሩና «ይቺ ምን አላት!» ብለው 1,000 ብር አስጨብጠው ይወጣሉ። ልጁ ይደሰታል፤ ደስ ይበለው። በየወሩ ተሰልፎ የሚቆረጠው የሰፈሩ መምህር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው ሲዘል ያያል። የአገሩን ዋጋ በአገሩ ብር አስበው፣ በዚያ ላይ ከልብ የሆነ ጉርሻ ቢጨምሩ ይበቃል። ከዚያ በላይ መርዳት ከፈለጉ ጥሩ ቶንዶስ ይዘውለት ይምጡ፤ ያ ዓመታት ያገለግለዋል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በአዲስ አበባ በፐርሰንት ለሚሠራ ልጅ ከሂሳቡ 20 በመቶ ገደማ ተገቢ ነው እላለሁ፤ አቅም ሲያንስ 10 በመቶ። ይህ ሕግ አይደለም፤ የእኔ ብያኔ ነው። በተግባር ግን መጠኑን የሚወስነው ብዙ ጊዜ በኪስ ያለው ኖት ነው። ብራችን ውስጥ ከ10 ብር ቀጥሎ ያለው ኖት 50 ነው፤ የ20 ብር ኖት የለንም። አሥሯ ታሳፍራለች፣ ሃምሳዋ ትከብዳለች፤ በመሐል ሰው ምንም ሳይሰጥ ይወጣል። በመስከረም 2013 የ200 ብር ኖት ከመጣ ወዲህማ ነገሩ ባሰ። አንድ ቅጠል ይሰጣሉ፣ ሂሳቡም ያው 200 ነው፣ መልስ የለም፣ ጉርሻም የለም። ፀጉር ቤት ከመሄድ በፊት አሥር አሥር ብር መዘርዘር ማለት ይህን ሁሉ መገላገል ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ወጥመድ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጥሬ ብር ይዞ የሚዞር ሰው ቀንሷል። እኔም አንድ ጊዜ ሂሳቡ 200 ሆኖ 250 ብር በስልኬ ላክሁና ለልጁ «ሃምሳዋ ያንተ ናት» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ስሄድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላ ነገር እያወራን፣ እንዲያው እንደ ቀልድ «ያቺ እኮ አልደረሰችኝም» አለኝ። የላክሁት ወደ ባለቤቱ ቁጥር ነበር፤ ባለቤቱ ማታ ሲደምር 250ውን እንደ ገቢ ቆጠረው። ክፋት አስቦ ነው ብዬ አላምንም፤ ሃምሳዋ የማን እንደሆነች የሚነግረው ነገር ስልኩ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን ለቤቱ፣ ጉርሻውን ለልጁ በራሱ ስልክ ለየብቻ እልካለሁ። ሁለት ጊዜ መነካካት ነው፤ ግን ይደርሳል።

የበዓል ዋዜማ የተለየ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ ዋዜማ ወረፋው በር ላይ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቤት ዋጋም ይጨምራል። አስቀድሞ ከተነገረ አልቃወምም፤ ልጆቹ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው ነው የሚውሉት፤ ራሳቸው ሳይቆረጡ በዓሉ ይገባባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ጉርሻ የማይሰጥ ደንበኛ እንኳ ለዋዜማው «ለበዓል» ብሎ እጥፉን ቢሰጥ ሂሳቡ ይስተካከላል። ሙሽራም እንዲሁ ነው። የሠርግ ጠዋት ሚዜዎቹን አስከትሎ የሚመጣ ሙሽራ ከተራ ደንበኛ ተለይቶ ሊከፍል እንደሚችል ያውቀዋል፤ የሚሻለው ከሳምንት በፊት ሄዶ የሁሉንም ሂሳብ ተነጋግሮ መቁረጥ ነው።

በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ሌላ ዓይነት ጭንቀት አለበት። እዚያ ዋጋው ተለጥፏል፤ የሚያስጨንቀው ካርድ ካስነኩ በኋላ የሚዞርልዎት ታብሌት ነው። 18፣ 20፣ 25 በመቶ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ ልጁ ከፊትዎ ቆሟል። የተለመደው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ለማስላት ከሂሳቡ አሥረኛውን ይውሰዱና እጥፍ ያድርጉት፤ 35 ዶላር ከሆነ አሥረኛው 3 ዶላር ከ50፣ እጥፉ 7 ዶላር። በኩፖን ወይም በቅናሽ ከሆነ የተቆረጡት፣ ጉርሻው የሚሰላው ከቅናሹ በፊት ባለው ዋጋ ነው፤ ልጁ በቅናሽ አልሠራም።

ጉርሻው እዚያ እንዲህ የከረረው ከሕጉ የተነሣ ነው። በፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ እንዲከፍል የሚገደደው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ጉርሻው ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ካልሞላ ቀሪውን አሠሪው መሙላት አለበት። ብዙ ስቴቶች ከዚህ ከፍ ያለ ወለል አላቸው፤ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ጉርሻን ከደሞዝ ጋር መቁጠርን ጭራሽ አይፈቅዱም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ማሻሻያ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛው ጉርሻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ስለዚህ የእኔ ሃምሳ ብር ዲሲ ላይ ብትሆን ኖሮ ሕጉ የልጁ ነች ይል ነበር።

ደሞዝተኛ ያልሆነም ሞልቷል። እዚያ ብዙ ቆራጮች ወንበር ተከራይተው ይሠራሉ፤ ደንበኛ መጣም ቀረ ኪራዩን ይከፍላሉ፤ የሙያ ፈቃድ ለማግኘትም በብዙ ስቴቶች 1,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሥልጠና ወስደዋል። በዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ፀጉር ቤት ገብቶ «ወንድሜ፣ ለእኔማ ቀንስልኝ» ብሎ ተከራክሮ፣ ተቀንሶለት ሲያበቃ ያለ ጉርሻ መውጣት በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ መፍረድ ነው። የሌላ አገር ሰው ጋ ሲሄዱ ያለ ክርክር 20 በመቶ እንደሚሰጡ ልጁም ያውቃል።

በአሜሪካ በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ባሉት የግብር ዓመታት በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ፀጉር ሠሪዎች በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አሉበት። ገቢው ለአንድ ሰው ከ150,000 ዶላር ሲያልፍ ቅናሹ እየሳሳ ይሄዳል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ግን አይቀርም። ደንበኛው በፈቃዱ የሰጠው መሆን አለበት፤ ቤቱ በግዴታ የሚጨምረው ክፍያ አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልተመዘገበ ጉርሻ አይቀነስም፤ በጥሬ ገንዘብ የተቀበላችሁትንም ጻፉት።

ሌላው ዓለም በጥቂቱ። እንግሊዝ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሠሪዎች ጉርሻን ሳይቀንሱ ለሠራተኛው እንዲያደርሱ በሕግ ታስገድዳለች። ጀርመን ውስጥ ሂሳቡን ወደ ላይ አጠጋግቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ደንበኛ ለተቀጣሪ ሠራተኛ በፈቃዱ የሰጠው ጉርሻ ከግብር ነፃ ነው። በገልፍ አገሮች እንደ ግዴታ አይጠበቅም፤ የሚሰጥ ግን አለ። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ መስጠት የለም፤ ቢሰጡም ሮጠው ሊመልሱልዎት ይችላሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ኪውቢ ሃውስ የተባለው ቤት በ10 ደቂቃ ይቆርጣል፤ ዋጋው መጀመሪያ 1,000 የን ነበር። ከማሽን ትኬት ይገዛሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የተቆረጠውን ብናኝ እንደ አቧራ መጥረጊያ ባለ ቱቦ ይስቡልዎታል፣ ይወጣሉ። እጥበት የለ፣ ትከሻ ማሸት የለ፣ ወሬ የለ። ወሬ የሌለበት ፀጉር ቤት ለእኔ ፀጉር ቤት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ሂሳቡ ግልጽ ነው።

ፀጉሩ ከተበላሸስ? በጣም የማይወዱት ነገር ከሆነ ከወንበሩ ሳይነሡ ይናገሩ፤ ጨርቁ ከተገፈፈ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይከብዳል። ጨዋ ቆራጭ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክላል። ካስተካከለ የተለመደውን ጉርሻ ይስጡ፤ ስህተቱን ያረመ እጅ ነው። የማይስተካከል ከሆነ ሂሳቡን ይክፈሉ፣ ጉርሻውን ይተዉ፣ ለምን እንደተዉት ግን በአንድ ቃል ይንገሩት። እኔ ዝም ብዬ ወጥቼ ሁለት ሳምንት በኮፍያ ኖሬያለሁ፤ ልጁ ግን ጉርሻ የረሳሁ ነው የመሰለው። ጉርሻ የማይተካው ነገርም አለ። ምላጩ ከፊትዎ ከወረቀቱ መውጣት አለበት፤ ይህ በዋጋው ውስጥ ያለ መብትዎ ነው። ለአዲስ ምላጭ ብሎ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም፤ አሮጌ ምላጭ የሚያነሣ ቤት ካጋጠመዎት በነፃም ቢሆን ተነሥተው ይውጡ።

የመጨረሻው ቃሌ ለፀጉር ቤት ባለቤቶች ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ፀጉር ቤትም በዚህ ውስጥ ነው። አንዲት ወረቀት ግድግዳ ላይ ይበቃል፤ ለፀጉር ይህን ያህል፣ ለፂም ይህን ያህል፣ ለእጥበት ይህን ያህል። ወረቀቷን ከመስታወቱ አጠገብ ስትለጥፉ፣ ከሥሯ የየልጁን የቴሌብር ቁጥር ጨምሩበት።